ማሽኑ ይሠራው የነበረውን ሒሳብ ልጁ ሲሠራው፦ ስለ ፖኬሞን የካርድ ጨዋታ



ለሕፃን ልጅ ጨዋታ ሥራው ነው ሲባል በሥነ ልቡና ትምህርት ደጋግመን ሰምተናል። ሰምተንም በደብተራችን ጽፈናል። ይሁን እንጂ አንድን ጨዋታ ቁጭ ብለን፣ እንደ አንድ የትምህርት ምዕራፍ ከፋፍለን፣ ውስጡ ምን ምን እንዳለ የመረመርንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ዛሬ ልጆች በስልክና በቴሌቪዥን መስኮት የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች በዝተዋል። ወላጆች "ልጄ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አያነሣም" እያሉ ያማርራሉ። ነገ ክፍል ስንገባ ይኸው አቤቱታ ለእኛም መምጣቱ አይቀርም። ታዲያ ልጁን "ተው!" ከማለት በስተቀር ምን መልስ አለን? በዚህ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ እናቀርባለን። ይኸውም በማሽን ይጫወቱት የነበረ ጨዋታ ወደ ወረቀት ካርድ ተለውጦ፣ ቤተሰብ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ የሚጫወተው ስለ መሆኑ ነው። ጨዋታው ፖኬሞን ይባላል። የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ጨዋታው ከማሽን ወደ ወረቀት ሲወርድ፣ ማሽኑ በሆዱ ደብቆ ይሠራው የነበረው ሒሳብ በሙሉ ለልጁ ይተርፋል። ለመምህር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሲሳይ የለም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አንድ ቃል እንነጋገር። በአገራችን "ካርታ" ሲባል ወይ የጂኦግራፊው ነው፣ ወይ ደግሞ በር ዘግተው ገንዘብ አስይዘው የሚጫወቱት ነው። የሁለተኛው ስም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ግራ እንዳንጋባ በዚህ ጽሑፍ "ካርድ" እያልን እንጽፋለን። የቁማሩን ጉዳይ ግን አንሸሸውም፤ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ከማሽን ሳይሆን ከካርድ ነው። ፉሳጂሮ ያማውቺ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1889 በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ አንድ የካርድ መሥሪያ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ይሠራ የነበረው "ሃናፉዳ" የሚባል፣ የአበባና የዕፅዋት ሥዕል ያለበት የጃፓኖች መጫወቻ ካርድ ነው። ሃናፉዳ 48 ካርዶች አሉት። ለ12ቱ የዓመቱ ወራት ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ካርድ ይደርሳቸዋል፤ 12 × 4 = 48 ማለት ነው። ይህ ድርጅት ኒንቴንዶ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በቪዲዮ ጨዋታ ይሁን እንጂ መሠረቱ ወረቀት ነው።

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1989 "ጌም ቦይ" የሚባል፣ በእጅ የሚያዝና በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች የሚሠራ የመጫወቻ ማሽን አወጣ። ሁለት ልጆች ማሽኖቻቸውን በገመድ አገናኝተው አብረው መጫወት ይችሉ ነበር። ሳቶሺ ታጂሪ የተባለው ጃፓናዊ ሐሳቡን ያገኘው ከዚህ ገመድ ነው። ታጂሪ በልጅነቱ በየሜዳውና በየኩሬው ዳር ነፍሳትን መልቀም የሚወድ ልጅ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ግን ሜዳው ሁሉ በቤትና በመንገድ ተሸፈነ። ስለዚህ ፍጡርን ፈልጎ የማግኘትንና ከጓደኛ ጋር የመለዋወጥን ደስታ ለከተማ ልጆች በማሽን ሊሰጣቸው አሰበ። ዓመታት ከፈጀ ሥራ በኋላ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 ጨዋታው በጃፓን ለሽያጭ ቀረበ። በውስጡ 151 ዓይነት ምናባዊ ፍጡራን ነበሩበት። "ፖኬሞን" የሚለው ስምም "የኪስ ጭራቆች" የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆርጦ የተቀጠለ ነው።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የካርዱ ጨዋታ በጃፓን ታተመ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1999 ደግሞ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በእንግሊዝኛ አወጣው። ያ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ዕትም 102 ዓይነት ካርዶች ነበሩት። ከዚያ ወዲህ ሕትመቱ አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. እስከ ማርች 2024 ድረስ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የታተሙት ካርዶች ከ64 ቢሊዮን በላይ ሆነዋል። የጨዋታው የዓለም ሻምፒዮናም እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀምሮ፣ ሕፃናትም ወጣቶችም አዋቂዎችም በየዕድሜ ክልላቸው ይወዳደሩበታል።

እንግዲህ መንገዱን ልብ በሉ። ካርድ ይሠራ የነበረ ድርጅት ማሽን ሠራ፤ በማሽኑ የተወለደው ጨዋታ ተመልሶ ካርድ ሆነ። ዞሮ ዞሮ ከቤት እንደሚባለው ነው።

እንዴት ይጫወቱታል?

ጨዋታው የሁለት ሰው ግጥሚያ ነው። በቤተሰብ ሲሆን ልጅ ከአባቱ ወይም ታናሽ ከታላቅ እህቷ ጋር ትገጥማለች፤ የቀሩት አጠገብ ተቀምጠው መካሪም ታዛቢም ይሆናሉ። ተሸናፊው ተነሥቶ ቦታውን ለተረኛ ይለቃል።

እያንዳንዱ ተጫዋች ልክ 60 ካርዶች ያሉበት አንድ ጥቅል ያስፈልገዋል። 59 አይሆንም፤ 61ም አይሆንም። ከመሠረታዊ የኃይል ካርዶች በስተቀር፣ በአንድ ስም የሚጠራ ካርድ ከአራት በላይ በጥቅሉ ውስጥ መግባት አይፈቀድም። ካርዶቹም ሦስት ዓይነት ናቸው።

ሀ/ የፍጡራን ካርዶች፦ በእያንዳንዳቸው ላይ የፍጡሩ ሥዕል፣ ስሙ፣ የጥንካሬ ነጥቡ፣ የሚመታበት ዘዴና ድክመቱ ተጽፏል። አንዳንዶቹ መነሻ ፍጡራን ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ በመነሻው ላይ ተደርበው የሚያሳድጉት ናቸው።

ለ/ የኃይል ካርዶች፦ እሳት፣ ውሃ፣ ሣር፣ መብረቅና የመሳሰሉት ናቸው። ፍጡሩ ለመምታት እነዚህ ተያይዘውለት መገኘት አለባቸው። ስንቅ ማለት ናቸው።

ሐ/ የአሠልጣኝ ካርዶች፦ ተጨማሪ ካርድ ለማንሣት፣ የተጎዳውን ለማከም፣ የጎደለውን ፈልጎ ለማውጣት የሚረዱ ናቸው።

አጀማመሩ እንዲህ ነው።

1ኛ/ ጥቅሉን በሚገባ በውዞ 7 ካርድ ማንሣት። ከሰባቱ መካከል አንድም መነሻ ፍጡር ከሌለ ካርዶቹን ለተጋጣሚ አሳይቶ፣ እንደገና በውዞ ሌላ 7 ማንሣት። ተጋጣሚው በካሣ መልክ አንድ ካርድ መጨመር ይችላል።

2ኛ/ አንዱን መነሻ ፍጡር ከፊት ማሰለፍ፤ ሌሎች ካሉ እስከ አምስት ድረስ ከኋላ በተጠባባቂነት ማስቀመጥ። የእግር ኳስ ተጠባባቂ ዓይነት ነው።

3ኛ/ ከጥቅሉ ላይ 6 ካርዶችን ሳያዩ ለብቻ ደፍቶ ማስቀመጥ። የሽልማት ካርዶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

4ኛ/ ማን እንደሚጀምር በሳንቲም መለየት። ቀድሞ የሚጀምረው ሰው በመጀመሪያ ተራው መምታት አይችልም።

ከዚያ በኋላ በየተራው ተጫዋቹ ከጥቅሉ ላይ አንድ ካርድ ያነሣል። አንድ የኃይል ካርድ ብቻ ለአንዱ ፍጡር ያያይዛል። ቢፈልግ ተጠባባቂ ይጨምራል፤ ያለውን ፍጡር ወደሚቀጥለው ደረጃ ያሳድጋል፤ የአሠልጣኝ ካርድ ይጠቀማል። አዲስ የገባ ፍጡር ግን በገባበት ተራ አያድግም። በመጨረሻም ይመታል፤ ከመታ ተራው አበቃ።

የፍጡሩ ጥንካሬ ወደ ዜሮ ሲወርድ ተዘረረ ይባላል። የዘረረውም ሰው ካስቀመጣቸው የሽልማት ካርዶች አንዱን ያነሣል። ስድስቱን አንሥቶ የጨረሰ ያሸንፋል። እንደዚሁም የተጋጣሚው ፍጡራን በሙሉ ከሜዳ ካለቁ፣ ወይም ተጋጣሚው ተራው ደርሶ የሚያነሣው ካርድ ከጥቅሉ ካጣ፣ ጨዋታው በዚያው ይፈጸማል።

ሒሳቡ የት ላይ ነው?

በማሽኑ ጨዋታ ልጁ አንድ ቁልፍ ይጫናል። ማሽኑ የመቺውን ጉልበት፣ የተመቺውን መከላከያና የምቱን ዓይነት፣ በዚያም ላይ ጥቂት ዕድል ጨምሮ፣ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ አስልቶ ይጨርሳል። ለልጁ የሚታየው የጥንካሬው መስመር ሲያጥር ብቻ ነው። እንዴት እንደተሰላ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ማሽኑ አይመልስለትም።

ወረቀት ግን ማስላት አይችልም። ስለዚህ የካርዱ አዘጋጆች ሒሳቡን ለልጅ በሚሆን መጠን አቃለሉት። የጥንካሬውም የምቱም ነጥብ የ10 ብዜት ሆነ። በእጅ ጣት፣ በጠጠር ወይም በባቄላ ሊቆጠር ይችላል፤ አንድ ፍሬ ባቄላ 10 ነጥብ ነው። ገበጣ የተጫወተ ልጅ ይህን ለመልመድ አይቸገርም።

አሁን በ1999ኙ ዕትም ካሉት ካርዶች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፒካቹ የምትባለዋ ቢጫ ፍጡር የመብረቅ ወገን ናት፤ ጥንካሬዋ 40 ነው። ትልቁ ምቷ ሁለት ኃይል የሚፈልግ ሲሆን 30 ነጥብ ይጎዳል። ከፊቷ የቆመው ስኩዌርትል የሚባለው የውሃ ኤሊ ነው እንበል። የእሱም ጥንካሬ 40 ነው። ታዲያ 30 ከ40 ቢቀነስ 10 ይተርፋል፤ ኤሊው ይድናል? አይድንም! በካርዱ ግርጌ ድክመቱ መብረቅ እንደሆነ ተጽፏል፤ ድክመት ደግሞ ምቱን በሁለት ያባዛዋል። 30 × 2 = 60። 60 ከ40 ስለሚበልጥ ስኩዌርትል ተዘረረ።

ነገር ግን የኤሊው ባለቤት አርቆ አስቦ በፊተኛው ተራ ኤሊውን ዋርቶርትል ወደሚባለው ደረጃ አሳድጎት ቢሆንስ? የዋርቶርትል ጥንካሬ 70 ነው። 70 − 60 = 10። በአሥር ነጥብ ተረፈ! እንግዲህ "አሁን ላሳድገው ወይስ ልቆይ?" የሚለው የጨዋታ ጥያቄ በመሠረቱ የማባዛትና የመቀነስ ጥያቄ ነው። ልጁም ሒሳቡን የሚሠራው መምህር ስላዘዘው ሳይሆን ኤሊውን ለማትረፍ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ቻሪዛርድ የሚባለው የእሳት ዘንዶ ጥንካሬው 120፣ ምቱ 100 ነው። ሲያዩት የሚያሸንፈው ያለ አይመስልም። ሆኖም ለዚያ ምት አራት ኃይል ይፈልጋል። በየተራው የሚያያዘው አንድ ኃይል ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ረዳት ካርድ ከሌለ አራት ተራ መጠበቅ ግድ ነው። በዚያም ላይ አንድ ጊዜ በመታ ቁጥር ሁለት ኃይል መጣል አለበት፤ ስለዚህ ደግሞ ለመምታት የሁለት ተራ ስንቅ ያስፈልገዋል። ትንሿ ፒካቹ በበኩሏ በሁለት ኃይል ትመታለች፤ 120 ÷ 30 = 4፣ አራት ጊዜ ከመታችው ዘንዶው ይወድቃል። ማን ይቀድማል? ይህ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው። ጉልበቱ ትልቅ የሆነ ሁሉ እንደማያዋጣ፣ ወጪውም መታየት እንዳለበት ልጁ ያለ ስብከት ይረዳዋል።

ስለ ዕድል

ጨዋታው ሳንቲምም አለበት። እኛ "ዘውድ ወይስ ጎፈር?" የምንለው ነው። የፒካቹ ትልቁ ምት ሲመታ ሳንቲም ይወረወራል፤ በመጥፎው በኩል ከወደቀ ፒካቹ ራሷም 10 ነጥብ ትጎዳለች። ሁለት ጊዜ ተወርውሮ ሁለቱም መጥፎ የመሆኑ ዕድል ከአራት አንድ፣ አራት ጊዜ ተወርውሮ አራቱም መጥፎ የመሆኑ ዕድል ደግሞ ከ16 አንድ ነው። በሒሳብ መጽሐፍ "ይሆናልነት" ተብሎ ሲመጣ ብዙ ተማሪ የሚፈራው ትምህርት እዚህ ጠረጴዛ ላይ በሳንቲም ድምፅ ይጀምራል።

ትንሽ ከፍ ላሉት ተማሪዎች ደግሞ የሚከተለውን ማቅረብ ይቻላል። አንድ ልጅ በጥቅሉ ውስጥ የሚወደው ካርድ አንድ ብቻ ቢኖረው፣ ያ ካርድ ተደፍተው ከተቀመጡት ስድስት ሽልማቶች ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ስንት ነው? 6/60፣ ማለትም 1/10 ነው። ከዐሥር ጨዋታ በአንዱ ያህል የሚወደው ካርድ ተሸሽጎበት ይጀምራል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ካርዶች ውስጥ የማግኘቱ ዕድል ደግሞ 7/60 ነው፤ ከ100 ጊዜ 12 አይሞላም። የዚያኑ ካርድ አራት ቅጂ ቢያስገባ ግን፣ ከአራቱ ቢያንስ አንዱን በመነሻው የማግኘት ዕድሉ ከ100 ወደ 40 ይጠጋል። "ካርዱ ጠላኝ" ይል የነበረ ልጅ ይህን ካወቀ በኋላ ጥቅሉን አስተካክሎ ይመጣል። ዕድልን ማማረር ትቶ ማስላት ጀመረ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም እኮ!

ማሽን ዳኛ በሌለበት

ማሽን ደንብ አያስጥስም። ሁለት ኃይል ላያይዝ ቢሉት እንቢ ይላል፤ የተደፋ ካርድ ልይ ቢሉትም አያሳይም። ወረቀት ግን ዝም ነው። የተደፋውን ካርድ በጥፍር ከፍ አድርጎ ማየት ይቻላል። ባቄላውን አንድ ቀንሶ ማስቀመጥ ይቻላል። ስለዚህ በካርድ ጨዋታ ደንቡን የሚጠብቁት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። የስድስት ዓመቷ ልጅ "አባዬ፣ ቅድም ኃይል አያይዘሃል እኮ፤ ሁለተኛ አይፈቀድም!" ብላ ስትናገር፣ አባትም "እውነትሽን ነው ልጄ" ብሎ ካርዱን ሲመልስ፣ ሕግ ለትልቅም ለትንሽም አንድ መሆኑ በተግባር ታየ። ይህን በስነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስተማር ምን ያህል እንደሚከብድ የምናውቀው ነው።

ንባብም አለበት። በጨዋታው ሕግ መሠረት በካርድ ላይ የተጻፈው ቃል ከአጠቃላይ ደንቡ ጋር ሲጋጭ የካርዱ ቃል ይጸናል። ስለዚህ ካርዱን በጥንቃቄ ያላነበበ ይሸነፋል። "እስከ ሁለት" እና "ልክ ሁለት" የሚሉት ሐረጎች ልዩነት እዚህ ትርጉም ያገኛል። ክርክር ሲነሣ ካርዱ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የቃሉ ትርጉም ይመረመራል። ንባብን መረዳት ማለት ሌላ ምንድን ነው?

በተጨማሪም ሳንቲምና ብወዛ ስላለበት ትንሹ ልጅ ትልቁን አንዳንዴ ያሸንፋል። ሁልጊዜ የሚሸነፍ ልጅ ጨዋታውን ይጠላል፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፍም ይንቃል። እዚህ ግን ሁለቱም ተራ ይደርሳቸዋል። ተሸንፎ እጅ መጨባበጥና ካርዱን ሰብስቦ "ድገመኝ" ማለት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

መምህር ሊያርመው የሚገባ ቃል

ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እናስገባ። በጨዋታው አንድ ፍጡር ወደሚቀጥለው ደረጃ ሲያድግ የሚጠሩበት የእንግሊዝኛ ቃል በሳይንስ "ዝግመተ ለውጥ" ከምንለው ጋር አንድ ነው። ነገሩ ግን አንድ አይደለም። ዝግመተ ለውጥ በአንድ ግለ ፍጡር ላይ በአንድ ጀንበር የሚታይ ሳይሆን፣ በብዙ ትውልዶች ሂደት በዘር ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። በካርዱ ላይ የሚታየው ይልቁንም የነፍሳትና የእንቁራሪት የዕድገት ለውጥ ይመስላል። ካተርፒ የሚባለው ካርድ አባ ጨጓሬ ነው፤ ቀጥሎ ሜታፖድ ሲሆን ሙሽሬ ነው፤ ከዚያ ባተርፍሪ ሲሆን ቢራቢሮ ነው። በሳይንስ መጽሐፍ እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ እያልን የምንማረው ነው። ፈጣሪው ነፍሳት ለቃሚ ልጅ ነበር ማለታችንን አስታውሱ፤ ዱካው እዚህ ላይ ይታያል። መምህሩ ይህን ልዩነት ካስረዳ ጨዋታው የሳይንስ በር ይሆናል። ዝም ካለ ግን የተሳሳተ ትምህርት ይዘራል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ቁማሩ ጉዳይ እንምጣ። ካርዱን ስንጫወተው ገንዘብ አይያዝም፤ ስለዚህ ጨዋታው ራሱ ቁማር አይደለም። አስቸጋሪው ካርዱ የሚሸጥበት መንገድ ነው። ካርዶቹ በብዛት የሚሸጡት በታሸገ ፖስታ ነው፤ በ1999 አንዱ ፖስታ 11 ካርዶች ነበሩበት። ገዢው ከፍቶ እስኪያይ ድረስ ምን እንደደረሰው አያውቅም። ብርቅ የሆነው ካርድ ይወጣል ብሎ አንድ ፖስታ ይከፍታል፤ ካልወጣ ሌላ ይደግማል። ይህ ሎተሪ ሎተሪ ይሸታል። ልጅ ደግሞ መቆሚያውን አያውቅም።

ችግሩ በሌላ አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ገደማ በአሜሪካና በብሪታንያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ካርዶቹን ከቅጥር ግቢያቸው ከልክለዋል። ምክንያቱም ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን በልውውጥ ያታልሉ ነበር፤ ጠብና ስርቆትም ተከተለ። አዋቂዎችም ከዚህ ነፃ አልነበሩም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ትልቅ የአሜሪካ የመደብር ድርጅት ለደንበኞቹና ለሠራተኞቹ ደኅንነት ሲል ካርዶቹን በመደብሮቹ መሸጥ ለጊዜው አቁሞ ነበር። አንዳንድ የ1999 ካርዶች በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡ መሆናቸው ጉጉቱን አባብሶታል።

ነገር ግን ልብ እንበል፤ በጨዋታው ላይ ውድ ካርድ ከርካሹ አይበልጥም። የቻሪዛርድ ምት ካርዱ በሺህ ዶላር ቢገዛም በሳንቲም ቢገዛም 100 ነው፤ 101 አይሆንም። ብርቅነቱ የነጋዴ ሒሳብ እንጂ የተጫዋች ሒሳብ አይደለም። ስለዚህ ቤተሰብ የታሸገ ፖስታ ሳያሳድድ ሊጫወት ይችላል። በውስጣቸው ምን እንዳለ አስቀድሞ የታወቁ ዝግጁ ጥቅሎች አሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 "ባትል አካዳሚ" በሚል ስም የወጣው ሣጥን ሦስት ባለ 60 ካርድ ጥቅሎችና አንድ የመጫወቻ ሰሌዳ የያዘ ነበር። አንዴ የተገዛ ሣጥን ለዓመታት ያጫውታል። እንግዲህ የእኛ ምክር "ካርዱን አቃጥሉት" ሳይሆን "ጨዋታውን ከንግዱ ለዩት" የሚል ነው።

እኛስ ምን እንውሰድ?

በምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ይህ ካርድ ላይገኝ ይችላል። ቢገኝም ከውጭ የሚመጣ ነገር ዋጋው ለተማሪ ቤተሰብ የሚቀመስ አይሆንም። ሥዕሎቹም ባለቤት ስላላቸው ገልብጠን እያባዛን እንደ ራሳችን አናቀርባቸውም። ዘዴውን መውሰድ ግን እንችላለን። ካርቶን፣ መቀስ፣ እስክሪብቶና የለስላሳ ቆርኪ ካለን የራሳችንን ካርድ መሥራት እንችላለን። በዳማ ጊዜ ቆርኪ እንዳገለገለን ሁሉ እዚህም ለነጥብ መቁጠሪያና ለዕጣ ያገለግላል።

ሐሳባችንን በዝርዝር እናቅርብ።

ሀ/ ጥቅሉ አጭር ይሁን፤ 60 ሳይሆን 20 ካርድ፤ በመነሻው 4 ማንሣት፤ ሽልማቱም 2 ብቻ። አንድ ግጥሚያ ከክፍለ ጊዜው ሳያልፍ እንዲያልቅ ነው።

ለ/ ፍጡራኑ ልጆች ከሚያውቁት ይሁኑ፤ አንበጣ፣ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ጭልፊት። አንበጣን እንቁራሪት ይበላዋል፤ ስለዚህ የአንበጣ ድክመት እንቁራሪት ነው፤ የእንቁራሪት ድክመት እባብ፣ የእባብ ድክመት ጭልፊት ነው። "ድክመት በሁለት ይባዛል" የሚለው ደንብ የምግብ ሰንሰለትን ያስተምራል። ቢራቢሮና እንቁራሪት ደግሞ በየደረጃቸው ካርድ ይሠራላቸው።

ሐ/ ቁጥሩ ለክፍሉ የሚመጥን ይሁን። ለሁለተኛ ክፍል በ10 ብዜት፣ ለአራተኛ ክፍል በ25 ብዜት፣ ከዚያ በላይ ላሉት በክፍልፋይ ማድረግ ይቻላል።

መ/ ካርዶቹን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩ። በካርዱ ላይ የሚጻፈውን ደንብ ሲጽፉ ግልጽ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይማራሉ። ደንቡ አሻሚ ከሆነ በጨዋታው ላይ ጠብ ያስነሣልና ተመልሰው ያርሙታል። ከዚህ የተሻለ የድርሰት አራሚ ከየት ይመጣል?

ሠ/ ካርዱ የክፍሉ ንብረት ይሁን። ልውውጥም ሽያጭም አይፈቀድበት። ጨዋታው ሲያልቅ ተቆጥሮ ወደ ሣጥኑ ይመለስ፤ ቆጠራውንም ልጆቹ ያድርጉት።

በተማሪ ብዛት በተጨናነቀ ክፍል ይህ ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። በአንድ ጊዜ ለሁሉም ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ልጆቹን በአራት በአራት ከፍሎ፣ ሁለቱ ሲጫወቱ ሁለቱ ሒሳቡን በደብተር እንዲመዘግቡ ማድረግ ይቻላል። መዝጋቢዎቹ የሚጽፉት "70 − 60 = 10" እያሉ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ደብተሩን የሚያርም መምህር ማንም ሳያስገድዳቸው የተሠሩ ብዙ ጥያቄዎችን ያገኛል።

በመጨረሻም ለወላጆች የምንለው አለ። ልጁን ከማሽኑ ፊት በቁጣ ማስነሣት ለአንድ ቀን ይሠራ ይሆናል። ለሁልጊዜ የሚሠራው ግን ከማሽኑ የሚሻል ነገር ይዞ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ማሽን ደንብ ያስከብራል፣ ሒሳብ ያሰላል፤ ነገር ግን ልጁ ሲሳሳት ፈገግ ብሎ "እስቲ እንደገና ቁጠረው" አይለውም። ይህን ማለት የወላጅና የመምህር ድርሻ ነው። ካርቶኑም ቆርኪውም በእጃችን ነው፤ የቀረው መቀስ አንሥቶ መጀመር ነው።